አነስተኛ ጀልባ በነፋሻማ ሐይቅ ላይ፦ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ሐይቆች እንደ ማሳያ

“መንትዮቹ ከተሞች” እየተባሉ የሚጠሩት ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በሐይቅ የተከበቡ ብቻ አይደሉም፤ ሐይቆቹ በመኖሪያ ሰፈሮቻቸው መካከል የሚገኙ ናቸው። ከተሞቹ ያሉባት የሚኒሶታ ግዛት ራሷን “የ10,000 ሐይቆች ምድር” ትላለች። ስፋታቸው 10 ኤከርና ከዚያ በላይ የሆኑት ሲቆጠሩ ግን ቁጥራቸው 11,842 ይደርሳል። በረዶው ከሚቀልጥበት ከኤፕሪል ወር አንሥቶ ቅጠል እስከሚረግፍበት ጊዜ ድረስ በእነዚህ ሐይቆች ላይ ካኑና ካያክ ይቀዘፋል፣ ሸራ ይዘረጋል፣ በአነስተኛ የሞተር ጀልባ ዓሣ ይጠመዳል። በአካባቢው የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንም የበጋውን ቅዳሜና እሑድ በሐይቅ ዳር ያሳልፋሉ። ከእነርሱ መካከል በደጋ አገር ያደጉና ዋና ሳይለምዱ ለአቅመ አዳም የደረሱ ጥቂቶች አይደሉም።

የሐይቅ አደጋ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጥልቀት ነው። ይሁን እንጂ አንድ አነስተኛ ጀልባ ለአደጋ የሚጋለጠው በአመዛኙ ከነፋስ፣ ከጭነት አቀማመጥና ከውሃው ቅዝቃዜ የተነሣ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2023 በመዝናኛ ጀልባዎች አደጋ በመላ አገሪቱ 564 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሞቱት ሰጥመው ሲሆን፣ ከሰጠሙት 87 በመቶ የሚሆኑት የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም ነበር።

ነፋስ ሐይቅን የሚያናውጥበት መንገድ

የሞገድ ቁመት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ እነርሱም የነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ ሳያቋርጥ የነፈሰበት ጊዜ እና ነፋሱ ያለ መሰናክል በውሃው ላይ የተጓዘበት ርቀት ናቸው። የነፋስ ግፊት ፍጥነቱ በጨመረበት መጠን ብቻ እየጨመረ የሚሄድ አይደለም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሰዓት 10 ማይል (16 ኪሎ ሜትር) በሚነፍስ ነፋስ ያለ ችግር የተቀዘፈ ካያክ በ20 ማይል ነፋስ ወደ ፊት መሄድ ሊሳነው ይችላል። በውሃው ገጽ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ መታየት የሚጀምረው ነፋሱ በሰዓት ወደ 12 ማይል (19 ኪሎ ሜትር) ሲጠጋ ነው። አረፋው በየቦታው ከታየ ልምድ የሌለው ቀዛፊ በዚያ ሰዓት ውሃው ላይ ባይገኝ ይመረጣል።

አራተኛው ነገር ጥልቀት ነው፤ ይህም ብዙዎች ከሚገምቱት ተቃራኒ በሆነ መንገድ ይሠራል። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሐይቅ በነፋስ ጊዜ ከጥልቁ ይልቅ ያስቸግራል። ሞገዱ ከሥር ከመሬት ጋር ሲጋጭ ያጥራል፣ ግድግዳው ይቆማል፣ አንዱ ከሌላው ጋር ይቀራረባል። ጣና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ይህ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚጓዙ ጀልባዎች ማለዳን የሚመርጡት ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ውሃውን ስለሚያስቆጣው ነው። ከደንገል በሚሠራው ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆችም ቀኑ ሳይገፋ ወደ ዳር መመለስን ያውቁበታል።

ከመንትዮቹ ከተሞች በስተሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ የሚያስኬደውና ከከተማ የሚሄዱ ዓሣ አጥማጆች የሚያዘወትሩት ሚል ላክስ ሐይቅ በዚህ ጠባዩ የጣና ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ስፋቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ትልቁ ጥልቀቱ ደግሞ 13 ሜትር ገደማ ነው። በከተማዋ ውስጥ የለመዱትን ጀልባ ይዘው ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች የሚሳሳቱት ጀልባው ያው፣ ውሃውም ያው ስለሚመስላቸው ነው።

ጸጥ ያለው ዳርቻ

ከሚኒያፖሊስ ሐይቆች ትልቁ ብዴ ማካ ስካ ነው። ቀድሞ ካልሁን ይባል የነበረ ሲሆን፣ “የነጭ አፈር ሐይቅ” የሚል ትርጉም ያለው የዳኮታ ሕዝብ ስሙ እ.ኤ.አ. በ2018 በፌዴራል ደረጃ ተመልሶለታል። ርዝመቱም ሆነ ስፋቱ ከ2 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይሁንና ስለ ነፋስ መታወቅ ያለበትን ዋና ነገር ለማሳየት በቂ ነው።

ነፋሱ ከምዕራብ ሲነፍስ በምዕራቡ ዳርቻ የቆመ ሰው ዛፎቹና ቤቶቹ ስለሚከልሉት ነፋሱ እምብዛም አይሰማውም፤ ከፊቱ የሚያየው ውሃም እንደ መስተዋት የረጋ ነው። ቀዛፊው ከዚያ ተነሥቶ ወደ መሐል ሲዘልቅ ነፋሱ ከኋላው ስለሚገፋው ጉዞው ይቀልለዋል፣ ጉልበት ያለው ይመስለዋል። እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውሃ ይህን የመሰለው ነው። ለመመለስ ጀልባውን ሲያዞር ግን ነፋሱም ሞገዱም ፊት ለፊት ይገጥሙታል፤ የመጣበትን መንገድ የሚመለሰው በደከመ ክንድ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ የቆመ ሰው ግን ሞገዱ ዳርቻውን ሲመታ ስለሚያይ አይታለልም።

ከዚህ የተነሣ ልምድ ያላቸው ቀዛፊዎች መንገዳቸውን የሚጀምሩት ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት በመግጠም ነው። ጉልበት ባለበት ሰዓት ነፋሱን ተቃውሞ መሄድ፣ በድካም ሰዓት ደግሞ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መመለስ ይሻላል። ወደ ውሃ ከመግባት አስቀድሞም የሐይቁን ሁኔታ መመልከት የሚገባው ጀልባው ከሚነሣበት ዳርቻ ብቻ ሳይሆን ነፋሱ ከሚገፋበት ከማዶው ዳርቻ ጭምር ነው። በከተማ ሐይቅ ላይ ይህ የጥቂት ደቂቃ የእግር ወይም የመኪና ጉዞ ብቻ ይጠይቃል።

የሚኒሶታ በጋ ሌላም ጠባይ አለው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይበረታል፣ ወደ ምሽት ይረግባል። ቀዝቃዛ አየር ከሰሜን ምዕራብ ሲገፋ ግን ይህ ልማድ ይፈርሳል። ከደቡብ ይነፍስ የነበረው ነፋስ በደቂቃዎች ውስጥ አቅጣጫውን ለውጦ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ መጠለያ የነበረው ዳርቻም ሞገድ የሚመታው ይሆናል። የነጎድጓድ ዝናብ ሲቃረብ ደግሞ ብርቱው ነፋስ ከዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል። የሚያፍነው ሙቀት በድንገት በቀዝቃዛ አየር ከተተካ፣ በአድማሱም ላይ ዝቅ ያለ ጥቁር የደመና ግድግዳ ከታየ፣ ወደ ቅርቡ ዳርቻ ለመውጣት የቀረው ጊዜ አጭር ነው። መኪናው ወደ ቆመበት ዳርቻ ለመድረስ ሲባል ሐይቁን ማቋረጥ አያስፈልግም። ነጎድጓድ ከተሰማም የመጨረሻው ድምፅ ካለፈ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ውሃ አይመለሱም።

የአገሪቱ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የከባድ ነጎድጓድ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ነፋሱ በሰዓት 58 ማይል (93 ኪሎ ሜትር) እንደሚደርስ ሲጠበቅ ወይም ትላልቅ የበረዶ ጠጠሮች ሲኖሩ ነው። አነስተኛ ጀልባን ለመገልበጥ ግን የዚህ ግማሽ እንኳ ሊበቃ ስለሚችል፣ ማስጠንቀቂያ አለመውጣቱ ለካኑ ወይም ለካያክ የደኅንነት ዋስትና አይሆንም። በሚኒሶታ በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ከቀትር በኋላ በ7 ሰዓት የሚሰማው የሳይረን ድምፅ ሙከራ ነው፤ በሌላ ጊዜ ከተሰማ እንደ ሙከራ ሊቆጠር አይገባም።

የሲ ዊንግ አደጋ

በግዛቲቱ ታሪክ ውስጥ ነፋስ በሐይቅ ላይ ካደረሳቸው አደጋዎች ሁሉ የከፋው የደረሰው ከሴንት ፖል በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በፔፒን ሐይቅ ላይ ነው። ፔፒን የሚሲሲፒ ወንዝ የሚሰፋበት ስፍራ ሲሆን ሸለቆው በገደሎች የታጠረ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1890 ሲ ዊንግ የተባለች የእንፋሎት ጀልባ ከጎኗ አንድ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ አስራ፣ ከ200 በላይ ሰዎችን በሌክ ሲቲ ወደሚገኝ የወታደሮች ሰፈር ለሽርሽር ወሰደች። ቀኑን ሙሉ ሰማዩ የሚያስፈራ ነበር። ምሽት ላይ ነፋሱ ጥቂት የረገበ በመሰለ ጊዜ ወደ መጣችበት ጉዞ ጀመረች፤ ከዳርቻው ርቃ ሳለችም ማዕበሉ ደርሶ ገለበጣት። 98 ሰዎች ሞቱ። የካፒቴኑ ሚስትና አንድ ልጁም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

ሲ ዊንግ አነስተኛ ጀልባ አልነበረችም፤ ነገር ግን የገለበጧት ምክንያቶች በአነስተኛ ጀልባም ላይ ይሠራሉ። ከላይ የከበደና ለነፋስ ሰፊ ጎን የሚሰጥ አካል ነበራት። ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ከዝናቡ ለመጠለል ወደ ጓዳው ገብተው ስለነበር ስትገለበጥ መውጫ አጡ። ከሁሉ በላይ ግን የመመለሻ ሰዓት መድረሱ ከሰማዩ ምልክት በልጦ ታየ። ዛሬም ሰኞ ሥራ ስላለ፣ ወይም ጀልባው በተከራየበት ሰዓት መመለስ ስላለበት፣ ሐይቁ ሳይረጋ የሚነሡ ሰዎች ተመሳሳይ ውሳኔ እየወሰኑ ነው።

ከመነሣት በፊት

በአሜሪካ የተሠራ ከ20 ጫማ በታች የሆነ የሞተር ጀልባ በአብዛኛው ስንት ሰውና ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፎበታል። በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ለረጋ ውሃ የተሰላ ነው። በነፋስ ቀን ሰሌዳው ስድስት ሰው ቢልም አራት መጫን የተሻለ ነው፤ የጀልባው ጠርዝ ከውሃው በራቀ መጠን ሞገድ የመግባት ዕድሉ ያንሳልና። ማቀዝቀዣ ሣጥኑ፣ የነዳጅ ዕቃውና ሰዎቹ ዝቅ ብለውና ወደ መሐል ተጠግተው ይቀመጣሉ። ያልታሰረ ዕቃ ጀልባው ባዘነበለበት ወገን ተንሸራትቶ መዘንበሉን ያባብሳል።

የሚኒሶታ ሕግ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት በጀልባው ላይ እንዲኖር ያዛል። ይህ ለካኑ፣ ለካያክና ቆመው ለሚቀዝፉበት ሰሌዳም ይሠራል። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጀልባው በሚጓዝበት ጊዜ ጃኬቱን መልበስ ግዴታቸው ነው። ርዝመታቸው 16 ጫማና ከዚያ በላይ የሆኑ ጀልባዎች፣ ካኑና ካያክ ሳይጨመሩ፣ ለሰጠመ ሰው የሚወረወር ተንሳፋፊም መያዝ አለባቸው። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ከጁን 30 ቀን 2004 በኋላ የተወለዱ የሞተር ጀልባ ነጂዎች ትምህርት ወስደው ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያዝ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል፤ ሕጉ እስከ 2028 ድረስ በየዓመቱ በዕድሜ ከፍ ያሉትን እየጨመረ ይሄዳል።

ሕጉ ለአዋቂ ጃኬቱ በጀልባው ውስጥ መኖሩን እንጂ መለበሱን አያስገድድም። በዚህ ላይ ሕጉ ከውሃው ይልቅ ለሰው ያደላ ይመስላል። ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ጀልባው ሲገለበጥ በነፋስ ተገፍቶ ይሄዳል፤ በሞገድ መሐል ሆኖ መልበስም ለዋናተኛ እንኳ አስቸጋሪ ነው።

በሞገድ ውስጥ

ሞገድ አነስተኛ ጀልባን በቀላሉ የሚገለብጠው በጎኑ ሲመታው ነው። ስለዚህ የነጂው የመጀመሪያ ሥራ የጀልባውን ፊት ወደ ሞገዱ ማዞር ነው። ፊት ለፊት በቀጥታ መግጠም ግን ለአጭር ጀልባ አይመከርም፤ አፍንጫው ከፍ ብሎ ይነሣና ተመልሶ በሚቀጥለው ሞገድ ውስጥ ይሰካል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚሆን ማዕዘን፣ ትንሽ ሰያፍ ተይዞ ሞገዱን ቢወጣ ጀልባው ይለሰልሳል። ፍጥነቱ ይቀነሳል እንጂ ፈጽሞ አይቆምም፤ ያልተንቀሳቀሰ ጀልባ መሪው አይታዘዝም። ነጂው ወደ ሞገዱ ጫፍ ሲወጣ ጥቂት ነዳጅ ይሰጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቀንሳል። መድረስ የሚፈልገው ቦታ በጎን በኩል ካለ በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ እንደ ዳገት መንገድ ግራና ቀኝ እየተጠመዘዘ ይሄዳል።

ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መጓዝ የሚቀል ይመስላል፣ ነገር ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጀልባው ከሞገዱ ጋር እኩል ተንሸራትቶ ከወረደ አፍንጫው ፊት ካለው ውሃ ጋር ይጋጫል፣ የኋላው ክፍል ወደ ጎን ይዞራል፣ የሚቀጥለው ሞገድም ጎኑን አግኝቶ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ፍጥነቱን አስተካክሎ በአንዱ ሞገድ ጀርባ ላይ መቆየት ይገባል። ክብደት ወደ ኋላ ጥቂት ይሸጋገራል። በዚህ ጊዜ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ሞተሩ የተሰቀለበት የኋላ ግድግዳ ከጀልባው ዝቅተኛ ቦታ በመሆኑ ተከታዩ ሞገድ በዚያ በኩል ይገባል።

መዞር ካስፈለገ ጊዜ መጠበቅ ነው። ሞገዶች እኩል አይደሉም፤ ጥቂት ትላልቆች ተከታትለው ካለፉ በኋላ አነስተኞቹ ይመጣሉ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ሳያመነቱ ፈጥኖ መዞር ይቻላል።

ሞተር ከጠፋ ጀልባው ራሱን ትቶ ጎኑን ለነፋስ ይሰጣል። ይህን የሚከለክለው መልህቅ ነው፤ መልህቁም የሚታሰረው ሁልጊዜ ከፊት በኩል ብቻ ነው። ከኋላ የታሰረ መልህቅ ዝቅተኛውን ግድግዳ ወደ ሞገዱ አዙሮ ይይዘውና ጀልባውን በውሃ ያስሞላዋል። ገመዱ ከጥልቀቱ ሰባት እጥፍ ያህል ቢረዝም መልህቁ መሬቱን ይነክሳል፤ አጭር ገመድ ግን መልህቁን ሽቅብ ስለሚጎትተው አይዝም። መልህቅ ከሌለ ባልዲ በገመድ አስሮ ከፊት በኩል መጣል የጀልባውን ፊት ወደ ነፋሱ እንዲያይ ያግዛል። ከ26 ጫማ በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ማሰሪያ እንዲያያዝ የሚያዝዘው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ሰው አልባ የሞተር ጀልባ ብዙ ጊዜ እየተሽከረከረ የወደቀውን ሰው መልሶ ስለሚመታ ማሰሪያው ችላ የሚባል አይደለም።

በካኑ ላይ የሚሠራው ብልሃት ከዚህ የቀለለ ነው። ቀዛፊዎቹ ከመቀመጫው ወርደው በጉልበታቸው ይንበረከካሉ፤ ክብደታቸው ዝቅ ሲል ካኑው ይረጋል። መቅዘፊያውን ከውሃው አለማራቅም ይረዳል፤ በውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንደ ምርኩዝ ነውና። በሸራ ጀልባ ላይ ነፋሱ ሲበረታ ሸራው ይታጠፋል፣ ድንገተኛ ግፊት ሲመጣም የሸራው ገመድ ይለቀቃል። ገመዱን አጥብቆ ማሰር ጀልባውን ከነፋሱ ጋር ማሰር ማለት ነው።

ከከተማዋ በስተምዕራብ በሚገኘውና 200 ኪሎ ሜትር ያህል የዳርቻ ርዝመት ባለው ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ ግን ሞገዱ ሁሉ ከነፋስ የሚመጣ አይደለም። በበጋ ቅዳሜዎች ትላልቅ ጀልባዎች የሚያስነሡት ሞገድ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ከድንጋይ ካቦቹ ጋር ተጋጭቶም ይመለሳል። ጠባብ በሆኑት የባሕረ ሰላጤ መግቢያዎች ላይ ካያክ ይዞ መገኘት የሚሻለው በማለዳ ነው።

ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው

በኤፕሪልና በሜይ የአየሩ ሙቀት ሰውን ወደ ሐይቅ ይጋብዛል፤ ውሃው ግን በረዶ የነበረው ከሳምንታት በፊት ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚገጥመውን ነገር አሠልጣኞች በ1፣ በ10 እና በ1 ቁጥሮች ያስረዱታል። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽ ከቁጥጥር ውጪ ይሆናል፤ ውሃ ወደ ሳንባ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህን ጊዜ ነው። በሚቀጥሉት 10 ደቂቃዎች ውስጥ እጅና እግር እየደነዘዙ ይሄዳሉ። በብርድ ብዛት ራስን መሳት የሚመጣው ግን ከ1 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ጃኬት የለበሰ ሰው ይህ አንድ ሰዓት አለው፤ ያልለበሰው ብዙውን ጊዜ አሥሩን ደቂቃ እንኳ አይጨርስም።

ጀልባ ከተገለበጠ ከጀልባው መለየት አይገባም። በአሜሪካ የሚሠሩ ከ20 ጫማ በታች የሆኑ አብዛኞቹ የሞተር ጀልባዎች በውሃ ቢሞሉም እንዲንሳፈፉ ሆነው ይሠራሉ፤ ፈላጊም ከሰው ራስ ይልቅ የጀልባ አካል ቶሎ ይታየዋል። ዳርቻው የቀረበ መስሎ ቢታይም በሞገድ መሐል ርቀት ያታልላል። የሚቻል ከሆነ በተገለበጠው ጀልባ ላይ መውጣት፣ ካልሆነም ከነፋሱ በሚመጣበት ወገን ሆኖ መያዝ ይሻላል፤ በተቃራኒው ወገን ያለን ሰው ጀልባው እየተገፋ ይጫነዋል።

ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ከሰውነት ጋር መታሰር አለበት፤ በጀልባው ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ከጀልባው ጋር ይገለበጣል። ወደ 911 የሚደውል ሰው የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። በመጀመሪያ መናገር ያለበት ግን የሐይቁን ስምና የሚቀርበውን ምልክት ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሐይቆች ብዙ ናቸውና የአውራጃው ስም ቢጨመር ይረዳል።

ነፋስ የወሰደው ባዶ ካያክ ወይም ካኑ መሐል ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ ከታየ ሰው የጠፋ ስለሚመስል ጠላቂዎችና ጀልባዎች ለፍለጋ ሊሰማሩ ይችላሉ። በደኅና ወደ ዳር የወጣ ባለቤት ጀልባው እንዳመለጠው ፈጥኖ ለ911 ቢያሳውቅ፣ አስቀድሞም ስሙንና የስልክ ቁጥሩን በማይለቅ ቀለም በጀልባው ውስጠኛ ክፍል ላይ ቢጽፍ፣ ፈላጊዎቹ በአንድ የስልክ ጥሪ ጉዳዩን ያጣራሉ።